አትሳም፣ አትጠጋ፣ አትውጣ

ጥርን እኔ የማውቀው የሰርግ ወር ሆኖ ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ዳስ ተጥሎ፣ ጠዋት ብርዱ ቆንጠጥ አድርጎ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ጀርባ የሚያሞቅበት ወር። እዚህ ውድብሪጅ ጥር የሳል ወር ነው። ሰው ከያለበት የሚሰበሰበው ሰርግ ቤት ሳይሆን ኧርጀንት ኬር ነው። እዚያም ቢሆን ማስክ አጥልቆ፣ በመሐል አንድ ወንበር ባዶ ትቶ፣ ስልክ እያዩ መጠበቅ ነው እንጂ እልልታ የለም። ባጠገብህ ያለውን ሰው «ምን ሆነህ ነው ወንድሜ?» ብትለው ወንበሩን ይቀይራል።

ውድብሪጅን ለማታውቁ፣ ከዋሽንግተን በ95 ጎዳና ወደ ደቡብ ወርዳችሁ የኦኮኳንን ወንዝ ስትሻገሩ ያለነው እኛ ነን። ድሮ አሌክሳንድሪያ ነበርን። የነበርንበት አፓርታማ በየፎቁ ሐበሻ ነበረበት፤ ሰው ሲታመም በነጠላ ጫማ ሁለት ፎቅ ወርዶ «እግዜር ይማርህ» ብሎ መመለስ ይቻል ነበር። ኋላ ልጆቹ ወለዱ፣ ቤት ተወደደ፣ «ውድብሪጅ ረከስ ይላል» ተባለ፣ ወረድን። ረከስ ማለቱን አልክድም፤ ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ ገዙ። መኝታዬ ላይ፣ ምግቡ መሐል፣ ቴሌቪዥኑ ታች ነው። ደረጃው ስፖርት ስለሆነ ለጤናህ ጥሩ ነው ይሉኛል። ስፖርት ብፈልግ ኖሮ ጉልበት በነበረኝ ጊዜ እሠራው ነበር።

የዚህ አገር ክረምት ሲመጣ ቀድሞ የሚገባው ጨለማው ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ለምን እንደሆነ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የነገረኝ። ታኅሣሥ ላይ በእኛ አቆጣጠር ገና 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ጥልቅ ትላለች። በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን እዚህ አካባቢ ብርሃን የሚቆየው 9 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ደንበኛ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ በ12 ገብታ በ12 ትወጣለች። እዚህ ግን እራት ሳይቀርብ እንቅልፍ ይመጣል፣ ሌሊት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይን ይፈጣል።

ይኼ ሁሉ ጨለማ በደሜ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ሐኪሙ አስመረመረኝና «ቫይታሚን ዲ አንሶሃል» አለ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ለዓለም ካስተዋወቁት አገር መጥቼ ፀሐይ በክኒን ልዋጥ! ነገሩን ሲያስረዳኝ ግን አፌን ይዤ አዳመጥሁ። በክረምት እዚህ ፀሐይዋ አግድም ነው የምትመጣው፤ ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራበት ጨረር ሳይደርሰን አየር ላይ ያልቃል። የጠቆረ ቆዳ ደግሞ ያችኑ ያህል ለመሥራት ከነጩ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ያረጀ ቆዳ ደግሞ ከወጣቱ ያነሰ ይሠራል። እኔ ጥቁርም ሽማግሌም ነኝ። ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን 800 ዩኒት ያስፈልጋል ተባልሁ። «ወተት ውስጥም እኮ ይጨመራል» አለኝ። ወተቱን ማን ይጠጣዋል? ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነው። ፀሐይ በጠፋችበት ወር፣ ያችኑ ፀሐይ እኔ በማልነካው ወተት ውስጥ ደበቁብኝ።

የውጪው ብርድ የእግዜር ነው፤ የቤቱ ብርድ ግን የአማቼ ነው። አማቼ መሐንዲስ ነው፣ ከሂተሩ መቆጣጠሪያ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። 68 ላይ አቁሞታል፤ በእኛ በሴንቲግሬዱ 20 መሆኑ ነው። የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ለክረምት የሚመክረው ይኼንን ነው ብሎ ከስልኩ ያነብልኛል። እኔም መልስ አላጣሁም። የአረጋውያንን ጤና የሚያጠናው የዚሁ የአሜሪካ መንግሥት ተቋም፣ ሽማግሌ ያለበት ቤት ቢያንስ 68 ይሁን ይላል፤ ያረጀ ገላ ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል፣ መቀዝቀዙንም ዘግይቶ ነው የሚያውቀው፣ ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ በብርድ ሊጎዳ ይችላል ይላል። «ቢያንስ» ማለት ወለሉ ነው እንጂ ጣሪያው ነው እንዴ? አማቼ ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋቢ ቢደርቡስ?» ይለኛል። ጋቢ ደርቤያለሁ። ከጋቢው ሥር ሹራብ አለ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ አለ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ነው። እሱ ቁምጣ ለብሶ የጋዙን ቢል ይከፍላል።

ሂተሩ ሲነሣም ሌላ ጣጣ አለው፤ አየሩን ያደርቀዋል። ጠዋት ስነሣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ፣ አፍንጫዬ ደም ደም እያለ ነው። የደረቀ አፍንጫ በሽታ የሚይዝበትን እርጥበት ያጣል፤ የኢንፍሉዌንዛው ቫይረስ ደግሞ በደረቅ አየር ውስጥ ብዙ ይቆያል። ልጄ ለዚህ እንፋሎት የሚተፋ ዕቃ ገዛች። የቤቱ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ መሆን አለበት አለች፤ ከዚያ ከበለጠ ግድግዳው ይሻግታል፣ ዕቃው ካልታጠበም ራሱ በሽታ ይረጫል። ከዚያ ከትንሽ ጠርሙስ አንድ ሁለት ጠብታ አደረገችበት። አሸተትሁት፤ ባሕር ዛፍ! በምኒልክ ዘመን መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው፣ እናቴ በጉንፋን ጊዜ ቅጠሉን አፍልታ፣ ጭንቅላቴን በኩታ ሸፍና የምታጥነኝ ባሕር ዛፍ። የጠርሙሱን ዋጋ አየሁና ጫካ ሙሉ ትተን መምጣታችን ቆጨኝ። «ታዲያ እንደ አያትሽ በድስት እናፍላውና ልታጠን» ብላት፣ ስንት ሰው ፊቱን በፈላ ውኃ ተቃጥሎ ወደ እርሷ እንደሚመጣ ትቆጥርልኝ ጀመር። ልጄ ነርስ ናት። ነርስ ልጅ ያለው አባት እንደ ልቡ መታመም እንኳ አይችልም።

ጭስን ጨርሶ አታንሡብኝ። የከሰል ምድጃዬን ከመጣንበት ዓመት ጀምሮ አልነካሁትም፤ ቡና የሚፈላው በኤሌክትሪክ ነው። በዚህ እንኳ አልሟገትም። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታም መልክም የሌለው ጋዝ ያወጣል፣ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት በዚያው ይቀራል፤ አገር ቤት በብርድ ሌሊት ከሰል ቤት አስገብተው በራቸውን ዘግተው ሳይነሡ የቀሩ ስንት ናቸው። ዕጣኑ ግን ምን አደረገ? አንዲት ፍሬ ባጨስሁ ቁጥር በየፎቁ ጣሪያ ላይ የተለጠፈው ነገር ይጮኻል፣ የልጅ ልጆቼ ጆሯቸውን ይዘው በመደዳ ደጅ ይወጣሉ። ትምህርት ቤት አስተምረዋቸዋል።

ለዚህም ነው ኅዳር 12 ሲመጣ እጄን የሚያሳክከኝ። ኅዳር ሚካኤል ነው፤ አዲስ አበባ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ፣ በየደጁ ከምሮ የሚያቃጥልበት፣ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። የዛሬ ልጅ ቀልድ ይመስለዋል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በፈረንጅ 1918 መሆኑ ነው፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። የኅዳር በሽታ ተባለ። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ክፉኛ ታመው ነው የተረፉት፤ ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከ10 ሺህ ሰው በላይ ማለቁን አስፍረዋል። የዚያን ጊዜ የከተማው ሕዝብ ስንት ነበርና! ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ቆፋሪ ጠፋ፣ ተሸካሚ ጠፋ። አያቴ በዚያ ዘመን ልጃገረድ ነበረች። ስታወራልን የሞተውን አትቆጥርም፤ «እገሌን የጠየቀው የለም፣ እገሊት ውኃ የሚያቀብላት አጥታ» እያለች ያልተጠየቀውን ነበር የምትቆጥረው። ሞቱን ይቅር ብላው አለመጠየቁን ይቅር አላለችውም።

ጭሱ ቫይረሱን እንደማይገድለው አውቃለሁ፣ ልጄም በየዓመቱ ታስታውሰኛለች። ቆሻሻውን መጥረጉ ግን ምን ነውር አለው? እዚህ ቆሻሻ ማቃጠል ይቅርና የቆሻሻ ጣሳችን ከመንገድ ከታየ የሰፈሩ ማኅበር ደብዳቤ ይጽፋል። አንድ ኅዳር ሚካኤል ጓሮ ወጥቼ፣ ከልጆቹ ትርፍራፊ ወረቀት ጥቂት፣ ከዕጣን ጥቂት በብረት ሳህን ላይ አጨስሁ። ጎረቤቴ ፈረንጁ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ምን ዓይነት ሥጋ እየጠበስሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። የጾም ዋዜማ ሊደርስ ነውና ቅር አላለኝም፤ ግን ለ10 ሺህ ሰው መታሰቢያ የሚታጠን ዕጣን ባርቤኪው ሲባል ምን ትላላችሁ?

ክትባቱ ላይ ደግሞ ከቡና ጓደኞቼ ጋር የተሟገትነውን ሲኖዶስ ቢሰማው ይደነቅ ነበር። አንዱ ወዳጃችን፣ አሌክሳንድሪያ ብቻውን የሚኖረው፣ አብዛኛው የፍሉ ክትባት በዶሮ እንቁላል ውስጥ እንደሚዘጋጅ ሰምቶ መጣ። እውነቱን ነው፤ ቫይረሱን የሚያሳድጉት በእንቁላል ነው፣ ያለ እንቁላል የሚሠራም አለ እንጂ። «እንግዲያው ያስፈስካል» አለ። ሌላው፣ «በክንድ የገባ አይቆጠርም፣ ጾም በአፍ ነው» ብሎ ተቃወመ። «ጾም የአፍ ብቻ ከሆነማ ምኑን ጾም ሆነ?» ብሎ ያኛው ተነሣ። ቡናው ቀዘቀዘ። እኔ ነኝ የገላገልኋቸው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ክትባቱን በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ውሰዱ ይላል፣ ሰውነት መከላከያውን እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃልና። ነቢያት የሚገባው በኖቬምበር 24 ነው። በጊዜ ለተከተበ ጾሙም አልፈረሰ፣ ክትባቱም አልዘገየ፤ ሲዲሲና አባቶቻችን ሳይመካከሩ ተስማምተዋል ማለት ነው። ያ ወዳጄ ግን አንዴ ካለ አለ ነው። «ከገና በኋላ እወስዳለሁ» ብሎ ቀረ። ይቺን ያዙልኝ።

እኔ ተወጋሁ። ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚመከረው ክትባት ለብቻው ነው፤ እኔ የተወጋሁት የመደበኛውን አራት እጥፍ የያዘ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ለሽማግሌ ከወጣት አብልጠው ሲሰጡ ያየሁት ይኼን ብቻ ነው። የሽማግሌዎቹ የጤና መድን ሜዲኬር ይከፍላል፣ ክንዴ ሁለት ቀን ያመኛል፣ ሳሉም አልቀረልኝም፤ ክትባቱ ከሆስፒታል አልጋ ነው የሚያድነው እንጂ ለጉንፋን ደንታ የለውም። ሌላም የመተንፈሻ ቫይረስ አለ፣ አር ኤስ ቪ የሚሉት፣ ክትባቱ በ2023 የተፈቀደ፤ 75 ዓመት ለሞላው ሁሉ አንድ ጊዜ ይሰጣል። 75 ዓመት ሲሞላኝ ከቤተሰቤ ሁሉ ቀድሞ ያስታወሰኝ ፋርማሲው ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ ስትሄድስ? አገር ቤት ሐኪም ጋ ገብቶ ያለ መርፌ የወጣ ሰው ገንዘቡን የተበላ ነው የሚመስለው። እዚህ በቀጠሮ ትሄዳለህ፣ ትመዘናለህ፣ አፍህን ትከፍታለህ፣ ከዚያ «ቫይረስ ነው፤ ውኃ ጠጣ፣ ዕረፍት አድርግ፣ ካተኮሰህ ታይሊኖል ውሰድ» ትባላለህ። ይኼንን እኮ አያቴም ታውቀዋለች፤ ታይሊኖሏን ትተህ። እኛ ሐበሾች ደግሞ ከሻንጣችን ሥር አሞክሳሲሊን አናጣም፤ በየቤቱ ግማሽ ግማሽ ቅጠል አለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀኑ ያለፈበት። ልጄ አንድ ቀን የሁላችንንም ለቅማ አስወገደችው። ጉንፋን በቫይረስ ነው፣ ይኼ መድኃኒት የሚገድለው ባክቴሪያ ነው፣ በከንቱ በተዋጠ ቁጥር ባክቴሪያው ይለምደዋል አለች። ትክክል ናት፤ ግን ሰው ሐዘን ሳይቀመጥለት የመድኃኒት ቅጠል ይጣላል? ለእውነተኛው ኢንፍሉዌንዛ ታሚፍሉ የሚባል አለ፤ እርሱም በጀመረህ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው ደህና የሚሠራው። ሐበሻ ወንድ ደግሞ ታመምሁ ብሎ የሚያምነው በአራተኛው ቀን ነው።

አፍንጫ የሚከፍተውን ክኒን ልገዛ ብሄድ መታወቂያ ጠየቁኝ። የአፍንጫ መድኃኒት ለመግዛት ስሜ መዝገብ ላይ ተጻፈ! ከእርሱ ሌላ ዕፅ የሚቀምሙ አሉና ነው አሉኝ። እቤት ስደርስ ልጄ ማሸጊያውን አንብባ ነጠቀችኝ፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው አይወስደውም፣ ግፊቱን ይጨምራል። ስለዚህ ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ በማሰሮ ወዳሳደግኋት የምች መድኃኒት፣ ወደ ዳማከሴዬ ተመለስሁ። ቅጠሏን አሽቼ፣ በቡና ጠብ አድርጌ ጠጣሁ፤ ግንባሬንም አሸሁ። የምች ነገር ከተነሣማ ያ ሐኪም ያዋረደኝን ልንገራችሁ። ትኩሳት ቢጤ ነበረኝ፣ ከንፈሬ ላይ ምች ወጥቶብኛል። በመብራት አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኸርፐስ ነው»። በልጄ ፊት! በዚህ ዕድሜዬ! ምንም አይደለም፣ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ የሚይዘው ቫይረስ ነው፣ ትኩሳት ሲመጣ ይወጣል ብላ በመኪና ስንመለስ ታስረዳኝ ነበር። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ ሲደረግ በሽታው የሚገባው በፊት ለፊት በር ነው፣ ከዴይኬር፣ በልጅ ልጄ እጅ። ሦስት ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ንፍጥ፣ ሐሙስ ትውከት፣ ቅዳሜ እሷ ድና እኛ ሁላችን አልጋ ላይ ነን። እዚያ የትውከቱ ቫይረስ ከገባ ያ በየኪሳችን የያዝነው የእጅ አልኮል ብዙም አይነካውም፤ ውኃና ሳሙና ነው፣ ለ20 ሰከንድ። ትንሿ ጉድ ጭኔ ላይ ቁጭ ብላ ፊቴ ላይ ታስነጥሳለች። «ይማርሽ!» እላታለሁ። «ያኑርህ» በማለት ፈንታ፣ «አባባ፣ ስታስነጥስ እንዲህ ነው» ብላ ክርኗን ታሳየኛለች፤ እሷ ሳይሆን እኔ ያስነጠስሁ ይመስል። ክርኑም እኮ ግራ ነው። አስነጥስበት ይሉኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ በጉንጭ አትሳም፣ በክርን ሰላም በል ይሉኛል።

በረዶውን በአጭሩ ልለፈው። አካፋ እንዳልነካ ተከልክያለሁ፤ ብርድ የደም ሥር ያጠብባል፣ ልብ ደግሞ በአካፋ ሥራ ይሮጣል፣ በየዓመቱ በረዶ ሲጠርግ ልቡ የሚቆም አለ። በዚህ ላይ አልሟገትም፤ ድሮም አካፋ አልወድም። መንገዱማ በ2022 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ታይቷል፤ ከእኛ ቀጥሎ ካለው ከዳምፍሪስ ወደ ደቡብ 95 በበረዶ ተዘግቶ ሰው በመኪናው ውስጥ አደረ። ሴናተር ቲም ኬይን ከሪችመንድ ዋሽንግተን ለመድረስ 27 ሰዓት ፈጀባቸው። አንድ ቤተሰብ በመኪኖቹ መሐል እየዞረ ብርቱካን ሲያድል ነበር አሉ። ይኼን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ፈረንጅም መንገድ ሲዘጋበት ይዘያየራል።

የእኔ እሮሮ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ምክሩ ሁሉ ሲጨመቅ አንድ ነገር ነው፤ ከሰው ራቅ። ሲልቨር ስፕሪንግ ልቅሶ አለ ሲባል፣ «አባዬ፣ ቤቱ ይጠባል፣ መስኮት አይከፍቱም፣ በስልክ አጽናና» ትለኛለች። ሐዘንተኛ በስልክ ይጽናናል? ገና ሲመጣ «ቅዳሴው ላይ ማስክ አድርግ፣ ከኋላ ቁም፣ ስታበቃ ቶሎ ና»። ሆስፒታል የተኛ ሰው ልጠይቅ ብሄድ በዚህ ወቅት ጠያቂው ከሁለት እንዳይበልጥ ተብሏል፤ እኛ ደግሞ የመጣነው በሦስት መኪና ነው፣ ከነሾርባው። ስለ መስኮቱ ግን ልክ ናት። እኛ እኮ ንፋስ ገባ ብለን አውቶቡስ ሙሉ ሰው አፍነን፣ የአንዱን ሳል ለሁሉ እያከፋፈልን ነው ያደግነው፤ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት ለማስከፈት ሽማግሌ መላክ ያስፈልግ ነበር።

በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ዶክተር ቪቬክ ሙርቲ አንድ ማሳሰቢያ አወጡ። ከሰው መነጠል ዕድሜ ያሳጥራል፣ ጉዳቱ በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር ይተካከላል የሚል ነበር። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። «በዕድሜዬ አንድ ሲጋራ አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም። አንቺ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ስንት ፓኬት እንደምታስጨሽኝ አስልተሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት። ዝም አለች። በማግሥቱ ፖቶማክ ሚልስ አድርሳ አወረደችኝ። በ1985 የተከፈተ ትልቅ የገበያ ማዕከል ነው፤ ውስጡ ሞቃት ነው፣ በረዶም የለው አንሸራታችም የለው፣ ዳር እስከ ዳር ሲኬድ ደህና አድርጎ ያላባል። ጠዋት ጠዋት እዚያ የምንዞር ሽማግሌዎች አለን። ምንም አንገዛም። በየሱቁ ደጅ ቆመን ዋጋውን እናያለን፣ ወደ ብር እንመነዝራለን፣ እንደነግጣለን፣ እንቀጥላለን። ሐኪሙ የልብ ምቱ ከፍ ይበል ያለው በዚህ ይሳካል።

ከገና ሰሞን በአንዱ ቀን ያ የአሌክሳንድሪያው ወዳጄ ከቡናችን ቀረ። ስደውልለት ድምፁ የለም። ኢንፍሉዌንዛ። ክትባቱን ከገና በኋላ የሚወስደው ሰውዬ፣ በገና ማግሥት ወደቀ። ልሄድ ተነሣሁ፤ ልጄ በሩ ላይ ቆመች። ድርድሩ ከቡና በፊት ተጀምሮ ከቡና በኋላ አለቀ። ማስክ አደርጋለሁ፣ አልስመውም፣ ደጁን አልፌ አልገባም። አጥሚቱን ራሴ አማሰልሁ፣ በቴርሞስ ሞላሁ። አማቼ ነው የወሰደኝ፤ በፈጣኑ መስመር ክፍያው እንደ መንገዱ መጨናነቅ እየወጣ እየወረደ ነበርና ሰሌዳውን ባየ ቁጥር ያቃስታል።

ደወልሁ። ከበሩ ኋላ ሆኖ፣ «በር ላይ አስቀምጠውና ሂድ፣ እንዳይዝህ» አለኝ። ስንት ዘመን የማውቀው ሰው ምግብ አመላላሽ አደረገኝ! ቴርሞሱን አስቀምጬ ወደ ኋላ ራቅሁ፤ በሩ ተከፈተ፣ አንድ እጅ ወጣ፣ ቴርሞሱ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። አልሄድሁም። ከአሳንሰሩ አጠገብ የነበረችውን ወንበር ጎትቼ በሩ ፊት ተቀመጥሁና ስልኬን አወጣሁ። እሱም ከወዲያ ወንበር ሲጎትት ሰማሁት። በስልክ እናወራለን፤ ድምፃችን ግን በበሩም ስለሚያልፍ እያንዳንዱ ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ይደርሰናል። ስለ አገር ቤት አወራን፣ ስለ ሂተር አወራን፣ የማን ልጅ ቤት እንደገዛ አወራን። የእንቁላሉን ነገር አላነሣሁበትም። ቢበዛ ሁለቴ ነው ያነሣሁበት። የጎረቤት በር ተከፍቶ አንዲት ፈረንጅ ባልቴት ብቅ አሉና በማስክ ተሸፋፍኖ ለተዘጋ በር የሚጮኸውን ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እጅ ነሣኋቸው። እሳቸውም እጅ ነሡኝና ቆልፈው ገቡ።

ከበሩ ወዲያ ፉት ሲል ተሰማኝ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ፤ ምስጋና መጠበቄ ነው።

«ሰማህ?» አለኝ፣ በስልክም በበርም።

«እሰማሃለሁ፣ በል።»

«ስኳር አብዝተህበታል።»